ፊርማ የሌላቸው ግጥሞች

በ2003 ዓ.ም. ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቼ እየተመለስኩ ነበር። ከደብረ ብርሃን የተነሣው አውቶቡስ ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትቶ ወደ መሐል ሜዳ ታጠፈ። ጉም መንገዱን ሸፍኖታል፤ ተሳፋሪው ጋቢውንና በርኖሱን ተከናንቦ ዝም ብሏል። ሹፌሩ ዝምታው ከብዶት ይሁን እንቅልፉን ፈርቶ አንድ ካሴት ከተተ። መሰንቆው ቀደመ፤ ከበሮው ተከተለ፤ ወዲያው ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ጎረምሶች ትከሻቸውን ይነቀንቁ ጀመር። ዘፋኟ ጥሏት ስለሄደ ወዳጇ እያነሣች እያወረደች ቆይታ እዚህ ግጥም ላይ ስትደርስ ግን እኔ በተቀመጥኩበት ደርቄ ቀረሁ።

ብርዱን ለኛ ትቶ፣ በርኖሱን አውልቆ፣
ቆላ ገባ ልጁ፣ ሙቀት ቢጤ ናፍቆ።

ይህን ግጥም ዐውቀዋለሁ። የተገጠመበትን ግቢ፣ የተገጠመበትን ቀን፣ የገጠመችውንም ሴት ዐውቃለሁ። አክስቴ ናት።

ዘመኑ 1991 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የጎረቤታችን ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ በወባ ታመመና እዚያው ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። ለወላጆቹ የደረሰላቸው አብሮት የሄደ ጓደኛው ተሸክሞ ያመጣው በርኖስ ብቻ ነበር። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ደግሞ እጅግ ክፉ ነው፤ ሰው ዐይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። አክስቴ በአገሩ የታወቀች ሙሾ አውራጅ ነበረችና በርኖሱን ከእናቱ እጅ ተቀብላ፣ ከፍ አድርጋ ለለቀስተኛው እያሳየች ያንን ግጥም አወረደች። ሰሙ ግልጽ ነው፤ የደጋ ልጅ ብርድ ሰልችቶት ቆላ ወረደ። ወርቁ «ሙቀት» ላይ ተቀብሯል፤ የናፈቀው ሙቀት የወባ ትኩሳት ሆኖ ጠበቀው። ለእኛ የቀረልን ብርድም የአየሩ ብርድ አይደለም፤ የእሱ አለመኖር ነው። በዚያ ግቢ ይህ ያልገባው ሰው አልነበረም። እኔ እንኳ ሕፃኑ፣ ሁሉም ሲያለቅስ አይቼ አልቅሻለሁ።

እነሆ ከ12 ዓመት በኋላ በዚያው ግጥም ጎረምሶች እስክስታ ይወርዱበታል።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ረዳቱን ለምኜ የካሴቱን ሽፋን አየሁት። የዘፋኟ ፎቶግራፍ አለ፤ የአቀናባሪው ስም አለ፤ የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ አለ፤ ሕገ ወጥ ቅጂ እንደማይፈቀድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍም አለ። ከዘፈኑ ርእስ አጠገብ ደግሞ በደቃቃ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ»።

ዘፋኟንም ሙዚቃ ቤቱንም በስም አልጠራም፤ እነሱን መክሰስ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ዓላማዬ «ሕዝብ» የሚለውን ቃል መጠየቅ ነው። ይህ ሕዝብ የተባለው ደራሲ ማን ነው? የት ተወለደ? መቼ ገጠመ? ስለምን ገጠመ?

ጥያቄው ሳይለቀኝ የኖረው ምናልባት በእንጀራዬ ምክንያት ይሆናል። የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በእኛ ቤት ፊርማ የሌለው ወረቀት ወረቀት አይደለም። ቼኩ ላይ ያለው ፊርማ ከናሙናው ጋር ካልተመሳሰለ አምስት ብርም አይወጣም። መጻፍ የማይችል ገበሬ ሲመጣ እንኳ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያሳርፋል፤ ያ አሻራ የእሱና የእሱ ብቻ ነውና ገንዘቡን ይወስዳል። ቀኑን ሙሉ የሰዎችን ፊርማ ሳመሳክር እውልና ማታ ግጥም ለመጻፍ ስቀመጥ፣ ያሳደጉኝ ግጥሞች ሁሉ ፊርማም አሻራም የሌላቸው መሆናቸው ያስገርመኛል።

ነገሩ ደግሞ የዛሬ አይደለም፤ ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጋር እኩል የተወለደ ነው። በጽሑፍ ከተገኙት የአማርኛ ቅርሶች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ታሪክም ስብከትም አይደሉም፤ ዘፈኖች ናቸው። ለዐፄ ዐምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ለዐፄ ገላውዴዎስ የተገጠሙትን እነዚህን የነገሥታት መዝሙራት ኢኛሲዮ ጉይዲ የተባለው ኢጣሊያዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1889 አሳትሟቸዋል። ከአራቱ ነገሥታት አንዱ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ የታየውን ብርሃን ምልክት አድርጎ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረ፣ የዘመኑን የመጨረሻ ዓመታትም እስኪያርፍ እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያው ያሳለፈ ንጉሥ ነው። የእኛ አገር ብርድ ያንን ታላቅ ንጉሥ ዐቅፎ ኖሯል ማለት ነው። የተወደሱት ነገሥታት ስም ዛሬ ድረስ አለ፤ የተገበረላቸው አገር ስም አለ። የገጠሙት ሰዎች ስም ግን የለም። በካሴቱ ሽፋን ላይ ያየሁት «ሕዝብ» የመጀመሪያውን ሥራ የጻፈው ያኔ ነው።

ስም መመዝገብ ያልለመድን ሰዎች ነን እንዳልል የሚያግደኝ ነገር አለ። የቅኔ ቤቱ ስም ያውቃል። የግዕዝ ቅኔ የሚያውቅ ሰው የጉባኤ ቃና ወይም የመወድስ ቅኔ ሲያነሣ «የእገሌ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ መምህሩ ለደቀ መዝሙሩ ቅኔውን ከነባለቤቱ ያስተላልፋል። በ1870 ዓ.ም. በመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሊቃውንቱን ቅኔ በመጽሐፍ ሰብስበው አሳትመዋል፤ በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝርም በ1904 ዓ.ም. አውጥተዋል። በጦርነቱ ምክንያት ተሰድደው እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ እስኪያርፉ ድረስ መጽሐፍና ባለ መጽሐፍን ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ የወጡት ከበደ ሚካኤልም «ታሪክና ምሳሌ»ን ሲጽፉ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ታትሟል፤ ግጥማቸውን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ የማን እንደሆነ ያውቃል።

እንግዲህ ከአንድ ደጋ የበቀለ ግጥም ሁለት ዕጣ አለው። በብራና ወይም በወረቀት ላይ የዋለው ባለቤት ያገኛል፤ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በአውድማና በፈትል የዋለው «ሕዝብ» ይባላል። ለምን?

መልሱ በከፊል ግጥሙ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ነው። መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ከጥንት ለሦስት የተከፈለ ሜዳማ ደጋ ነው፤ ገብስና በግ እንጂ ሌላ ብዙ አያበቅልም። ሴቱ የበግ ጠጉር ይፈትላል፤ ወንዱ በርኖስና ባና ይሠራል። ግሼ ከበስተ ሰሜን ይቀጥላል። መርሐቤቴ ደግሞ በጀማና በወንጪት ሸለቆዎች መካከል የተቀመጠ፣ ደጋውን ከቆላው አጣብቆ የያዘ አገር ነው። ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመሻገር ቀኑን ሙሉ ገደል መውረድና መውጣት ይጠይቃል። እንዲህ ባለ አገር ከሰው ይልቅ ግጥም ቀልጠፍ ብሎ ይሻገራል። በለቅሶ ላይ የተነገረውን የሩቅ ዘመድ ይዞት ይሄዳል፤ በገበያ ቀን ይነግረዋል፤ ገበያተኛው ጠጅ ቤት ያወርደዋል።

ጠጅ ቤት ደግሞ አዝማሪ አለ። አዝማሪው ዘንድ ግጥም እንዴት እንደሚሠራ አይቶ የማያውቅ ወጣት ካለ ልንገረው። መሰንቆ ገዝጋዡ ብቻውን አይገጥምም። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ይለዋል፤ ግጥሙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው ያንኑ በዜማ አድርጎ ለቤቱ ይመልሰዋል። ሰጪው በነገር ጠላቱን ሊወጋ ይሆናል፤ ወዳጁን ሊያወድስ ይሆናል፤ የሞተበትን ሊያስታውስ ይሆናል። ግጥሙ ከአዝማሪው አፍ ሲወጣ ግን የአዝማሪው ነው፤ ሰጪው ራሱ እንደ ማንኛውም ሰሚ «እሰይ!» ብሎ ብር ይለጥፍበታል። መደበቁ ጥበብ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ርእሱን «ሰምና ወርቅ» ያለው በከንቱ አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ስድብን በጨዋነት ለመሸፈን፣ ለትልቅ ሰው በግልጽ የማይባለውን ለማለት እንደሚያገለግል ገልጾታል። ነገሩን በሰም መሸፈን የለመደ ሕዝብ ስሙንም ቢሸፍን አይገርምም። ፊርማ የሌለው ግጥም ባለቤቱን ከዳኛም ከጠላትም ያድነዋል።

ላሊበሎችንም አስቡ። ሌሊቱ ሳይነጋ፣ ባልና ሚስት ሆነው፣ ያለ አንዳች መሣሪያ በየደጁ ቆመው የሚያዜሙት እነዚያ ልመናም ምርቃትም ያላቸው ዘማሪዎች፣ ከሸዋ ደጋ የሚመጡም አሉባቸው። ዜማውን ካቋረጡ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው እምነት ሲነገርባቸው ኖሯል። ላሊበላ ከመጀመሩ በፊት የቤቱን ጌታ ስም ከጎረቤት ጠይቆ ያውቃል፤ ከዚያ በስሙ እየጠራ ያወድሰዋል፤ ሲቀበልም ይመርቀዋል። ከተኛበት በስሙ ተጠርቶ የሚነቃው ባለቤት ግን የዚያን ድምፅ ባለቤት ስም ጠይቆ አያውቅም።

ስማቸውን የጠየቀ አንድ ኃይል በታሪካችን ውስጥ ቢኖር ጠላት ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገና አዲስ አበባ በደም ከታጠበች በኋላ፣ ግራዚያኒ በመጋቢት ወር ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ታሪክ እያዜሙ የሚዞሩትን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እንዲያዙና እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያ ቀን ድረስም 70 ሰዎች መወገዳቸውን አስታውቋል። ምክንያቱ የኢጣሊያ አገዛዝ በቅርቡ ያልቃል የሚል ወሬ በሕዝቡ መካከል ይነዛሉ የሚል ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። በዚያን ጊዜ የሸዋ አርበኞች ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በመንዝ፣ በመርሐቤቴና በተጉለት ገደሎች ሲዋጉ፣ በቀረርቶና በፉከራ ይደፋፈሩ ነበር። ያን ቀረርቶ ማን እንደገጠመው ዛሬ አናውቅም። ሰባዎቹንም በስም አናውቃቸውም። እኛ «ሕዝብ» ብለን በደቃቃ ፊደል የምንጽፈውን ደራሲ ግራዚያኒ ጥይት የሚያስወጣ ሰው ነው ብሎ ቆጥሮታል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ስሙን ያተረፈም አለ። የሸዋው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል፤ የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ ሲቀረጽ የመጀመሪያው ያ ነው። ተሰማ ገጣሚም ዘፋኝም ስለነበሩ ድምፁና ግጥሙ አልተለያዩባቸውም። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ፣ ያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ለዓመታት የመሩት ሰው፣ የአባታቸውን ግጥሞች ሰብስበው ባያቆዩ ኖሮ ግን ከቃላቸው ብዙው ዛሬ «ሕዝብ» በሆነ ነበር። ያም መጽሐፍ ስሙ «ሰምና ወርቅ» ነው። ገጣሚው ከመረሳት የዳነው ሸክላ ስላገኘና ልጁ ስለ ጻፈለት መሆኑን ልብ በሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የዘፋኙ ዘመን ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ አጋማሽ ተቋቁሞ፣ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት የገጠሩን መሰንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና እንቢልታ በአንድ መድረክ ላይ አሰለፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ከአባላቱ የተወሰኑት በአሜሪካ ከተሞች ተዘዋውረው አሳይተዋል። ተስፋዬ ለማ ራሱ የግጥምና የዜማ ደራሲ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በስደት አገር እስኪያርፍ ድረስ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ታሪክ ለመሰነድ ደክሟል። በዚያው በ1969 ዐምሃ እሸቴ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ የነበረውን ሸክላ የማሳተም መብት ተዳፍሮ የራሱን ሸክላ ማውጣት ጀመረ። ሸክላውን ካሴት፣ ካሴቱን ሲዲ ተካው። በየአውራጃው፣ በመንዝና ግሼም በመርሐቤቴም፣ በአብዮቱ ዘመን የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች የለቅሶውንና የሠርጉን ግጥም ወደ መድረክ አወጡት። ከከተማም እንደ ይልማ ገብረአብ፣ እንደ አበበ መለሰና እንደ ሙሉጌታ ተስፋዬ ያሉ፣ ስማቸው በሽፋን ላይ የሚጻፍ ገጣሚዎች ወጡ። አያ ሙሌ ብለን የምንጠራው ሙሉጌታ ተስፋዬ ሲሞት «የባለቅኔ ምህላ» የተሰኘ የግጥም መድበል ቀርቶልናል። እነዚህ ዕድለኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ በሬዲዮም በታክሲም ዘፈኑ «የእገሌ» ሲባል የሚጠራው አሁንም ዘፋኙ ነው። ቢሆንም ሽፋኑን ገልብጦ የሚያነብ ያገኛቸዋል።

አክስቴን ግን ሽፋኑን ገልብጬም አላገኘኋትም።

ሕጉስ ምን ይላል ብዬ ፈለግሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ መብት ይሰጣል፤ ከሞቱ በኋላም ለ50 ዓመት ወራሾቹን ይጠብቃል። በኋላ የወጣው ማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ሥራው ለሕዝብ በቀረበ ቁጥር ሮያሊቲ የሚሰበሰብበትን መንገድ ከፍቷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሥራው ጥበቃ እንዲያገኝ ከደራሲው የፈለቀ ወጥ ሥራ መሆን ብቻ አይበቃውም፤ መቀረጽ ወይም ግዙፍነት ማግኘት አለበት። የአክስቴ ግጥም ወጥ ነው። ግዙፍነት ያገኘው ግን በሌላ ሰው ድምፅ ነው። ባንክ ቤት ብንሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ የእሷ ሆኖ ፊርማው የሌላ ነው እንለዋለን።

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ አንድ ጥር ወር አገር ቤት ገባሁና ለአክስቴ ነገርኳት። ዘፈኑን በስልኬ አሰማኋት። እንዝርቷን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማች። እቆጣለሁ፣ አብረን እንቆጣለን ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«ድምጿ ጥሩ ነው» አለችኝ።

«ግጥሙኮ ያንቺ ነው!» አልኳት።

«የእኔ አይደለም። የልጁ ነው። እኔ ያለቀስኩት ለእሱ ነው፤ አሁን በእኔ ስም ቢጻፍ የእሱ ስም የት ይቀራል?»

ዝም አልኩ። ጥቂት ቆይታ እንዝርቷን እያሾረች ጨመረች፤ «የከፋኝ እሱ አይደለም። የከፋኝ፣ ሙቀቱ ምን እንደሆነ ሳያውቁ መጨፈራቸው ነው።»

ውድ አንባቢ፣ እኔ ሽፋን ላይ የጎደለውን የገጣሚ ስም ስፈልግ እሷ የጎደለውን ሟች ትፈልግ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን እንደገና አሰብኩት። የደጋችን ግጥም ባለቤት አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የገጠመው አለ፤ የተገጠመለት አለ፤ ተቀብሎ ያሻገረው አለ፤ በመጨረሻም ድምፅ ሰጥቶ አገር ያሰማው አለ። ዘፋኟ ባትዘፍነው ኖሮ ያ ግጥም እዚያው ግቢ በቀረ፣ ምናልባትም ከአክስቴ ትውልድ ጋር በተቀበረ ነበር። ስለዚህ ሌባ አልላትም። እኔ የምቃወመው «ሕዝብ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉትን እነዚህን ሁሉ ሰዎች ማጥፋትን ነው።

«የጋራ ነው» ማለት «ባለቤት የለውም» ማለት እንዳልሆነ ለመንዝ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ጓሳን ያውቀዋልና። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ያ የሣር ምድር፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት የተጠበቀ የጋራ ሀብት ነበር። የጋራ ነው፤ ነገር ግን የእነማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የአስቦና የጌራ ዘሮች ናቸው። የተመረጠ አለቃ አለው። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በታወቀ ቀን ይከፈታል፤ ሁሉም ለቤቱ ክዳን የሚሆነውን ያጭዳል። ያለ ቀኑ የገባ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሥርዐቱ ሲፈርስና ጓሳ «የሁሉም» ሲሆን ነው መራቆት የጀመረው። በኋላ ሕዝቡ ራሱ ተደራጅቶ ጥበቃውን ባይመልሰው ኖሮ ዛሬ ስሙ ብቻ በቀረ።

ግጥማችንም እንደ ጓሳ ነው። ይታጨድ፤ ቤት ይከደንበት፤ ይዘፈን። የየትኛው አገር ሣር እንደሆነ ግን ይታወቅ።

ከባንክ ሥራዬ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። አንድ የሒሳብ ወረቀት ላይ ፊርማው ባይነበብ እንኳ ቀኑ፣ ቅርንጫፉና ገንዘቡ የወጣበት ምክንያት ከተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ነገሩን ወደ ባለቤቱ መመለስ ይቻላል። ጠፋ የሚባለው ሁሉም ሲጎድሉት ነው። ስለዚህ ለሚዘፍኑም፣ ለሚያሳትሙም፣ ስልካቸውን ይዘው ወደ ገጠር ለሚወርዱ ወጣቶችም ልመናዬ ቀላል ነው። የገጣሚው ስም ከታወቀ ይጻፍ። ባለቤቱ ስሙ እንዲጻፍ ካልፈለገ ፈቃዱ ይጠበቅ። ግን አገሩ ይጻፍ፤ ዘመኑ ይጻፍ፤ ለቅሶ ነው፣ ሠርግ ነው፣ አውድማ ነው ተብሎ ይጻፍ። ዘፋኞችን ስናመሰግን፣ ከእነሱ በፊት በበርኖስ ተጠቅልለው የገጠሙትን ሴቶችና ወንዶች አንድ ጊዜ ዘወር ብለን እንያቸው።

የአክስቴን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ አልወደደችምና። የልጁንም ስም እናቱ በሕይወት ስላለች ለእሷ ትቼዋለሁ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያንን ካሴት ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝቼ ቤቴ አስቀምጨዋለሁ። ሽፋኑ ላይ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ከሚለው ሥር በባንክ ቤቱ ሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ጽፌበታለሁ፦

«መንዝ። ቆላ ወርዶ ለቀረ ልጅ፣ በለቅሶ ላይ። 1991 ዓ.ም.»